ኤል ኤን ቢ ስትከፈት

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ ሐበሻ የሚኖርበትን ፎቅ ለመለየት የቡና ጢስ እስኪሸት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ጣራውን ማየት ይበቃል። በአርግዊንግስ ኮድሄክ ጎዳና ዙሪያ ባሉት አፓርታማዎች ላይ የዲ ኤስ ቲቪ ዲሽ በብዛት ይታያል። የእሱ ሳተላይት በ36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፤ ናይሮቢም 36.8 ላይ ስለሆነች ሳተላይቷ አናቷ ላይ ነች ማለት ይቻላል። ስለዚህ እነዚያ ዲሾች ፊታቸውን ለሰማይ ሰጥተው የተንጋለሉ ናቸው። በመካከላቸው ቀና ብሎ ወደ ምሥራቅ የዞረ አንድ ዲሽ ካያችሁ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚተላለፉበትንና በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውን ኢትዮሳትን ፍለጋ የተተከለ ሳይሆን አይቀርም።

ዲሽ መትከልን ተራ ሥራ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህችን ሒሳብ ይመልከትልኝ። አዲስ አበባ ላይ ይህን ሳተላይት ለማግኘት ከአድማስ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሁርሊንግሃም ላይስ? ያው 66 ነው። ሁለቱ ከተሞች ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ቢራራቁም ከፍታው ንቅንቅ አይልም፤ የሚለወጠው አቅጣጫው ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያደላ የነበረው ዲሽ፣ እዚህ ከምድር ወገብ ወዲህ ሲተከል 30 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ይዞርና ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን ይላል። በዲሹ ክንድ ጫፍ ያለችው ሲግናል ተቀባይ፣ ኤል ኤን ቢዋም፣ በመያዣዋ ውስጥ በዚያው መጠን መጠምዘዝ አለባት። ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት፣ ታች ሪሲቨሩ ዘንድ የቆመ ሰው የኳሊቲውን ቁጥር እየጮኸ ሲነግረው በእጁ ብቻ የሚያገኝ ባለሙያ አለ። የ90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ እይታ ስፋቱ 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ መሆኑን አትርሱ። እኔ ጎበዙን ከጀማሪው የምለየው ብሎን ሲያጠብቅ ነው። ጀማሪው አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው ያጠብቅና በስንት ድካም ያገኘውን ሲግናል ያጣዋል፤ ጎበዙ ግራና ቀኙን በየተራ፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያለ ይሄዳል።

ዲሹም ቢሆን ለዓይን እንደሚመስለው አይደለም። በቅርብ ብትለኩት ቁመቱ ከወርዱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ከአንድ ትልቅ ፓራቦላ ጎን ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ ስለሆነ ነው። በዚህ አቆራረጥ ኤል ኤን ቢዋ ከታች፣ ከሞገዱ መንገድ ውጪ ትቀመጣለች፤ ሳህኑ ላይ ጥላ አትጥልም። ፊቱ ወደ 40 ዲግሪ ከፍታ የሚያይ መስሎ በእውነቱ 66 ላይ የሚያየውም ለዚህ ነው። ደቡብ አፍሪካ በካሩ በረሃ ላይ ሜርካትን ስትሠራ የመረጠችው ይህንኑ መላ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 የተመረቀው ይህ የራዲዮ ቴሌስኮፕ 64 ዲሾች አሉት፤ እያንዳንዱ 13.5 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ፊቱ በብረት ማቀፊያ ላይ ከተገጠሙ 40 የአልሙኒየም ገበታዎች የተሠራ ነው። ሁለተኛው መስተዋቱም መቀበያዎቹም ወደ ጎን ተደርገዋል። ደካማ ሞገድ ለሚያድን ሰው ትንሽ ጥላም ትልቅ ኪሳራ ናት።

የገጹ ልስላሴም ደንብ አለው፤ ስሕተቱ ከሞገዱ ርዝመት ከሃያ አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። የቴሌቪዥኑ ሞገድ ርዝመት ወደ 2.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የሚፈቀደው ጉብታ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጣራ ላይ ልብስ ስታሰጡ ዲሹን አትደገፉ የሚባለው ለከንቱ አይደለም።

የእኔ አድናቆት ያረፈው ግን ከሁሉ ታናሿ ላይ፣ በክንዱ ጫፍ በተንጠለጠለችው ኤል ኤን ቢ ላይ ነው። ያረጀች ካገኛችሁ ክፈቷት። ነጩ የፕላስቲክ ክዳን ሲነሳ በዙሪያው አንዱ በሌላው ውስጥ የተካተቱ ቀለበቶች ያሉት የብረት ቀንድ ይወጣል። ቀለበቶቹ ጌጥ አይደሉም። ቀንዱ ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር እንዲያይ፣ ከዳሩ አልፎ ግን እንዳያይ ይገድቡታል። ከዳሩ ማዶ ያለው የሞቀ ጣራ ነው፤ የሞቀ ነገር ሁሉ ደግሞ የራዲዮ ጫጫታ ያወጣል። ከቀንዱ ጀርባ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በማዕዘን ተተክለዋል፤ አንዱ አግድም የሚርገበገበውን ሞገድ ይይዛል፣ ሌላው ቁም የሚርገበገበውን። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክ አንዱ ይሠራል፣ 18 ቮልት ሲልክ ሌላው። ሥዕሉ በሚወርድበት በዚያው ኬብል ኤሌክትሪኩም ትእዛዙም ወደ ላይ ይወጣሉ።

ከዚያ የሰሌዳው ሥራ ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በሰሌዳው ላይ የታተመው መዳብ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ እንደ ፀጉር ማስያዣ የታጠፈ፣ አንዳንዴም ከጎረቤቱ ሳይነካ በፀጉር ስፋት ርቀት የቆመ ነው። በእነዚህ የመዳብ ቅርጾች ላይ ምንም ዕቃ አልተበየደም፤ ቅርጹ ራሱ ዕቃው ነው። ሞገዱ ይህን ያህል ሲያጥር፣ የመዳቡ ርዝመትና መታጠፊያ የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚመለስ ይወስናል። አንድ ሰው ይህን በሥዕል መሣሪያ አስልቶ፣ ፋብሪካው በሚሊዮን ያትመዋል፤ እኛም በሱቅ ውስጥ በርካሽ ዋጋ እንገዛዋለን።

ከሁለቱ ሽቦዎች አጠገብ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የምትሆን ባለ አራት እግር ነጥብ አለች። ሄምት በሚል አህጽሮት የሚታወቀው ትራንዚስተር ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ኤል ኤን ቢን ከዲሽ ዕቃ ጋር አይደረድራትም።

በተራ ትራንዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮን የሚሰጡት ባዕድ አተሞች ኤሌክትሮኖቹ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ተቀምጠዋል። ሻጮች አስፋልቱ ላይ እንደተደረደሩበት ገበያ፣ የሚያልፈው ሁሉ ይጋፋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በቤል ላቦራቶሪ የነበሩ ተመራማሪዎች ሻጮቹን ወደ ላይኛው ፎቅ አወጧቸው። ባዕዶቹ አተሞች በአልሙኒየም ጋሊየም አርሰናይድ ንብርብር ውስጥ ቀሩ፤ ኤሌክትሮኖቹ ከሥሩ ወዳለው ንጹሕ ጋሊየም አርሰናይድ ወረዱ። እዚያም ከአሥር ናኖ ሜትር ገደማ በማይበልጥ ጉድጓድ ውስጥ ተያዙ። ጉድጓዱ ከኤሌክትሮኑ ሞገድ ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ ኳንተም ሕጉን ያስፈጽማል፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ ይከለከላል፣ በጠፍጣፋው ግን እንደ ልቡ ይሮጣል። በፉጂትሱ ይሠራ የነበረው ታካሺ ሚሙራ በ1979 ይህን ንብርብር ለትራንዚስተር አሰበው፤ በ1980ም ሥራውን አሳወቀ። የዚሁ ዓይነት ንብርብር ለዳንኤል ጹይና ለሆርስት ሽቶርመር ከሮበርት ላፍሊን ጋር በ1998 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል፤ ሚሙራም በ2017 የኪዮቶን ሽልማት ተቀብሏል። ንብርብሩ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ አንዱ የአተም ረድፍ በሌላው ላይ በሴኮንድ አንድ ያህል እየተደረበ ነው የሚያድገው። ሸማኔ በዚህ ፍጥነት አይሠራም፤ በዚህ ትዕግሥትም አይሠራም።

አዲሱ ትራንዚስተር መጀመሪያ ሥራ ያገኘው የት መሰላችሁ? ሳሎን ውስጥ አይደለም። በ1985 በጃፓን ኖቤያማ የራዲዮ ታዛቢ ጣቢያ ላይ፣ በ45 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ውስጥ ገባ፤ በማግሥቱ ዓመት ከታውረስ ጥቁር ደመና ውስጥ አዳዲስ ሞለኪውሎች ተለቀሙበት። ወደ ቴሌቪዥን ዲሽ ገበያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚህ ትራንዚስተር ዲሹ በግማሽ ሊያንስ ቻለ። የቤታችን ዲሽ በሰው ትከሻ ተጭኖ ደረጃ የሚወጣው በኮከብ ጥናት ውለታ ነው።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ በአንዲት ነጥብ ላይ? ከሳተላይት የሚደርሰው ሲግናል እጅግ ደካማ ነው። የመጀመሪያዋ ማጉያ የጨመረችውን ጫጫታ ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ ከሲግናሉ ጋር ያጎሉታል፤ ኤል ኤን ቢዋ ብቻዋን ከመቶ ሺህ እስከ ሚሊዮን እጥፍ ታጎላለች። ከታች የቱንም ያህል ውድ ሪሲቨር ብትገዙ በበሩ ላይ የተበላሸውን አይመልሰውም። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ካርቶኑ ላይ «0.1 ዲቢ» የሚል ጽሑፍ በብዛት ይታያል። ይህ ቁጥር ወደ 7 ኬልቪን የሚጠጋ ጫጫታ ማለት ነው። ጣራ ላይ ፀሐይ የምትጠብሳት ዕቃ ይህን አታደርስም፤ ጥሩዋ 35 እስከ 50 ኬልቪን ላይ ብትሆን እመሰክርላታለሁ። ሜርካት መቀበያዎቹን ወደ 20 ኬልቪን የሚያቀዘቅዘው ይህን ጠላት ለማሸነፍ ነው። የቀዘቀዘ ሄምት ጥቂት ኬልቪን ብቻ ይጨምራል። ኳንተም መካኒክስ ራሱ ካስቀመጠው ወለል፣ በ12 ጊጋኸርዝ ላይ ከ0.6 ኬልቪን ገደማ፣ ገና ጥቂት እጥፍ ይርቃል። ያንን ርቀት ማጥበብ የዛሬ ተመራማሪዎች ሥራ ነው፤ አንዳንድ የኳንተም ኮምፒዩተር ሠሪዎችም ለዚሁ ይሯሯጣሉ፤ የእነሱን ኩቢት የሚያነበው ማጉያም ይኸው ሄምት ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤል ኤን ቢዋ 9,750 ሜጋኸርዝ ቀንሳ ሲግናሉን ወደ ኬብሉ ታወርዳለች። እንግዲህ 11,170 ላይ የሚመጣ ስርጭት ካለ በኬብሉ ውስጥ 1,420 ሆኖ ይደርሳል። ይህ የሃይድሮጂን አተም የኤሌክትሮኑ ስፒን ሲገለበጥ የሚያወጣው ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ሜርካት በ2024 ሦስት ሰዓት ባልሞላ ትዝብት 49 አዳዲስ ጋላክሲዎችን ያገኘው ይህንኑ የሃይድሮጂን ሞገድ ተከትሎ ነው። ጋና ደግሞ ኩንቱንሴ ላይ የነበረውን 32 ሜትር የቴሌኮም ዲሽ ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ቀይራ እ.ኤ.አ. በ2017 አስመርቃለች፤ ይህም የአፍሪካ የራዲዮ ቴሌስኮፖች መረብ አካል ነው። ኬንያም ከዚህ መረብ ስምንት አጋር አገሮች አንዷ ናት፤ ለዚሁም ከናይሮቢ ሰሜን ምዕራብ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለው የሎንጎኖት ጣቢያ ታስቧል።

ሁርሊንግሃም ላይ ወደ 57 ዲግሪ የዞረ ዲሽ ካላችሁ መስከረም 12 ገደማ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ50 አካባቢ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቷ ኋላ ታልፋለች። አዲስ አበባ ላይ ይኸው የሚሆነው በመስቀል ሰሞን ነው። የኳሊቲው ቁጥር ይወርዳል፤ ሥዕሉም ሊቆራረጥ ይችላል። ያኔ ዲሽ ሠሪ አትጥሩ፤ ብሎንም አትንኩ። ደቂቃዎች ታገሱና ቁጥሩ ሲመለስ ተመልከቱ፤ ኤል ኤን ቢዋ ፀሐይን ለክታላችሁ ነው።