የሚካኤል ሁለት እጆች

መንፈሳዊ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ምልክት መፍታት ይቸኩላል፤ ክንፉ ይህን፣ ዘንዶው ያንን ያመለክታል ይላል። እንጨት ቀርጸን ለምናትም ሰዎች ግን አስቀድሞ የሚታየን የመሮው መንገድ ነው። የተፈለፈለው ነጭ ይሆናል፤ ቀለም የሚይዘው ሳይነካ የተረፈው ነው። አንዲት ጥቁር መስመር ለማስቀረት ግራ ቀኟን መፈልፈል ግድ ይላል፤ ከቀጠነች ደግሞ ትሰበራለች። ሳይታሰብበት የሚቀር መስመር የለም ማለት ይቻላል።

ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1498 ኑረምበርግ ላይ ያሳተማቸውን 15 የዮሐንስ ራእይ የእንጨት ኅትመት ሥዕሎች የማያቸው በዚህ ዓይን ነው። ደጋግሜ የምመለስበት ቅዱስ ሚካኤል ከዘንዶው ጋር የሚዋጋበት ነው፤ መነሻው ምዕራፍ 12 ነው።

በእኛ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ በር ላይ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ፣ በትልልቅ ዓይኖቹ ፊት ለፊት እያየን ይቆማል። ጠባቂ ነውና ድካም አይታይበትም። የዱረሩ ወደ እኛ ዘወር አይልም። ረጅም ቀሚስ ለብሷል፤ ጦሩን በሁለት እጁ ጨብጦ የዘንዶው ጉሮሮ ላይ ተጭኖታል፤ ፊቱም ከባድ ሥራ የያዘ ሰው ፊት ነው። ከጦሩ ይልቅ ለእኔ የሚናገሩት እጆቹ ናቸው። በአንድ እጁ ቢወጋ ኖሮ ክፋት ቀላል ነገር በመሰለን ነበር።

ላይኛው ክፍል በመስመር ታጭቋል፤ ክንፍ ከክንፍ ተጠላልፎ የመልአኩን ከአውሬው ለመለየት ዓይን ይቸገራል። ታች ግን ውሃና ዛፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ጸጥ ያለ አገር ተዘርግቷል፤ መስመሩ ሳስቷል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቦታ መሙያ ያልፈዋል። አልስማማም። እንዲህ ያለ ነጭ በስንፍና አይገኝም፤ ብዙ እንጨት ማንሣት ይጠይቃል። ደግሞም ምዕራፉ የተጣለው ዘንዶ የት እንደሚወርድ ይናገራል፦ ወደ ምድር። ሰማይ ሐሴት እንዲያደርግ ሲነገረው ለምድር የሚደርሳት ወዮታ ነው።

ታችኛውን ክፍል በወረቀት ሸፍናችሁ እዩት፤ የድል ሥዕል ብቻ ይሆናል። ወረቀቱ ሲነሣ ግን ዘንዶው የሚወድቅበት አገር ሰው የሚኖርበት መሆኑ ይታያል፤ ወሬው ገና አልደረሰውም።