ስለ «ጥቁር ወርቅ» ፊልም

ማርክና ኒክ ፍራንሲስ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡትን «ጥቁር ወርቅ» የተባለውን የቡና ፊልም ተመልክቼዋለሁ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ፥ አንድ ስኒ ቡና በውጭ አገር በምን ያህል እንደሚሸጥ ለገበሬዎች ሲነግሩ፥ የሰሚዎቹ መደነቅ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ፊልሙ እውነት ይናገራል፤ ነገር ግን እኩሌታውን ነው። ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ሲተክል ያሳየናል፤ ከቡናው ጋራ ስለሚጠፋው የጥላ ዛፍና ዘር ግን ብዙ አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፥ በሽታውን የሚቋቋሙት ዘሮች የተመረጡት ከደቡብ ምዕራብ ካለው ከራሳችን ቡና መካከል ነበር። ዱሩ አስቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ከየት ይገኙ ነበር?

ልጆቼ ሆይ፥ ለገበሬው ማዘን ደግ ነው፤ ኀዘን ግን የልጆቹን ሆድ አይሞላም። ለድካሙ ተገቢውን ሳይከፍል «ዛፉን ጠብቅ» የሚለው ሰው ግፈኛ ነው፤ ተገቢውን ተቀብሎ ዛፉን የሚቈርጥም የልጆቹን ርስት ይሸጣል። ስለዚህ ፊልሙን እዩት፤ የጎደለውን ግን በልባችሁ ሙሉበት።