ዜሮው የማን ነው?

ፕሮቢት መልሱ ሁለት ብቻ ለሆነ ጥያቄ የተበጀ ስሌት ነው። ገበሬው ማዳበሪያ ገዛ ወይስ አልገዛም? እርከን ሠራ ወይስ አልሠራም? ብድር ወሰደ ወይስ ተወው? ለ«አዎ» 1፣ ለ«የለም» 0 ይሰጥና ዕድሜው፣ የመሬቱ ስፋት፣ የከብቱ ብዛትና የማሳው ተዳፋትነት የ1ን ዕድል ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚያደርጉት ይሰላል። በየዩኒቨርሲቲዎቻችን የግብርና ኢኮኖሚክስ የማስተርስ ጽሑፎች የተደረደሩበትን መደርደሪያ የነካ ሰው «…የሚወስኑ ምክንያቶች» የሚል ርዕስ ሳያጋጥመው አይቀርም፤ ገለጥ ሲያደርገውም ፕሮቢት ወይም የቅርብ ዘመዱን ሎጊት ያገኛል። የእኔም እንጀራ ከዚያው ነው። ስሌቱን ስታታ የተባለው ሶፍትዌር በአፍታ ይጨርሰዋል። ድካሙ ከዚያ በፊት ነው፤ 1 ምን ማለት ነው፣ 0 ምን ማለት ነው፣ ውሳኔውስ የማን ነበር? ይህ ጥያቄ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጣርማ በር አካባቢ የሚጠነክረውን ያህል ሌላ ቦታ ሲጠነክር አላየሁም።

ለፕሮቢት ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቼስተር ብሊስ ነው። በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን ከመንግሥት ሥራው ሲቀነስ ለንደን ወደነበረው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ዘንድ ሄደ፤ ዘዴውንም እ.ኤ.አ. በ1934 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አሳተመ። ጉዳዩ የተባይ መርዝ ነበር። እያንዳንዱ ተባይ የሚችለው የመርዝ መጠን አለ፤ ይህ መጠን፣ በሎጋሪዝም ሲታይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በመደበኛው፣ በደወል ቅርጹ ሥርጭት ይለያያል፤ ተመራማሪው የሚያየው ግን መሞት አለመሞቱን ብቻ ነው። ኢኮኖሚስቶች በተባዩ ቦታ ገበሬውን፣ በመርዙ ቦታ ዋጋን፣ ሥልጠናን ወይም ተዳፋትን አስገቡበት። የገበሬው ዝንባሌ ከእርከን ጀርባ እንደሚጠራቀም ጎርፍ ነው፤ አናቱን እስኪያልፍ ድረስ ከታች ለቆመ ሰው አይታይም።

እ.ኤ.አ. በ1935 ፊሸር በብሊስ ጽሑፍ ላይ አጭር ተቀጽላ ጨመረ። ከተሞከሩት ተባዮች አንድም ሳይተርፍ ሲቀር ምን ይደረግ የሚል ነው። ሁሉም ሲሞቱ የብሊስ ሠንጠረዥ ማለቂያ ወደሌለው ቁጥር ይሮጣል፤ ፊሸር ለዚህ መላ አበጀለት። እኛ አገር ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አለ፤ ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ በነጻ ጉልበቱ እርከን ይሠራል። ዘመቻው ባለፈበት ተፋሰስ ገብቶ «እርከን አለህ?» እያሉ መጠየቅ ሁሉም መልስ 1 የሆነበት መረጃ ይዞ መመለስ ነው። ከዚህ መረጃ የገበሬውን ዝንባሌ የሚያወጣ ተቀጽላ የለም። ወሳኙ ቀበሌው ነበራ!

ጣርማ በር ይህን ነገር ቀድሞ ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ሲኬድ፣ መንገዱ በጣሊያን ጊዜ በተቦረቦረው ዋሻ አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ከመውረዱ በፊት ያለው አገር ብርዳም ደጋ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጉም። ዋሻው ሳይደረስ፣ ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አንዲት ጥድ የምትባል ቦታ አለች። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሲጀምሩ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዷ እሷ ሆነች። በዚያ ዘመን በደጋው ላይ የተሠራው እርከን አብዛኛው ምግብ ለሥራ የሠራው ነው፤ ገበሬው ይቆፍራል፣ ስንዴና ዘይት ይቀበላል። በዚያ ወቅት ፕሮቢት የሠራ ሰው ቢኖር የሚለካው የስንዴውን ማከፋፈያና የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ብርታት ነበር።

የደርግ ማብቂያ ላይ የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲላላ ገበሬው በእርከኑ ላይ የራሱን ፍርድ መስጠት ጀመረ፤ አንዱን አቆየ፣ አንዱን በከፊል ናደ፣ አንዱን ጨርሶ አፈረሰ። በቀለ ሽፈራውና ስታይን ሆልደን አንዲት ጥድ ላይ ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ይህን ነው። ጽሑፉን አሁንም ለተማሪዎቼ አስነብባለሁ፤ የስሌቱ ረቂቅነት አይደለም የሚማርከኝ። ጥያቄውን ሁለት ቦታ ከፈሉት፤ መጀመሪያ ገበሬው በዚያ ማሳ ላይ የአፈር መሸርሸርን እንደ አደጋ ያየዋል ወይ፣ ቀጥሎ ጥበቃውን ምን ያህል ይጠቀምበታል። መልሱ ደረጃ ስላለው ደረጃ ያለውን ሎጊት ተጠቀሙ። ያገኙት ደግሞ ለፖሊሲ አውጪው የማይጥም ነገር ነው። ድህነት በሰፋበትና ድጋፍ በሌለበት፣ የሕዝብ ብዛት መጨመር ብቻውን ገበሬውን መሬቱን ወደ መንከባከብ አይገፋውም። መሬት ሲጠብ ሰው ራሱ ይነቃል የሚለው ተስፋ እዚያ አልሠራም።

ሎጊት ወይስ ፕሮቢት የሚለው የማስተርስ ጽሑፍ መከላከያ ቀን ጥያቄ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ውሳኔ ብቻ ሲሆን ትንሽ ነገር ነው። ሁለቱ የሚሰጡት ግምት ተቀራራቢ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት የሚሰጠው ክብደት፣ የኮፊሸንቱ፣ ልክ ብቻ ይለያያል። ፈታኞች ይህን ለምን እንደሚወዱት አላውቅም። ልዩነቱ የሚመጣው ሁለት ውሳኔዎች ሲቆላለፉ ነው። መደበኛው ሥርጭት ሁለት የማይታዩ ዝንባሌዎችን አንድ ላይ አስሮ፣ እንዲዛመዱ ፈቅዶ ለማስላት ይመቻል። አክሊሉ አምሳሉና ያን ደ ግራፍ ደብረ ብርሃን አጠገብ በበሬሳ ተፋሰስ ያደረጉት ይህንን ነው። 147 አባወራዎችን ይዘው የድንጋይ እርከንን መቀበልንና መቀጠልን በጥንድ ፕሮቢት አጠኑ፤ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። መቀበልንና መቀጠልን የሚወስኑት ነገሮች አንድ እንዳልሆኑ አገኙ። ለመቀበል ዕድሜና ያዋጣል የሚለው ግምት ሲገፉ፣ ለመቀጠል ግን በተግባር ማዋጣቱ፣ የቤተሰቡ ብዛትና ከእርሻ ውጭ ያለው ሥራ ገቡበት። ተዳፋቱና የአፈሩ ለምነት በሁለቱም አሉ።

በዚያው ጥናት የመሬት ዋስትናና ከግብርና ባለሙያ ጋር መገናኘት ሲግኒፊካንት አልሆኑም። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ብዙ ሰው «ዋስትና አያስፈልግም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። ከቁጥሩ ጎን የሲግኒፊካንስ ኮከብ አለመኖሩ ግን ተጽዕኖ የለም ማለት አይደለም። ሰሜን ሸዋ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ካለፈባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ወረቀት የያዘ እንግዳ «መሬቴ ይወሰድብኛል ብለህ ትሰጋለህ?» ሲለው የሚሰጠውን መልስ ገበሬው አስቀድሞ አውጥቶ አውርዶታል፤ ጎረቤቱም እንደዚያው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከመለሰ ስሌቱ የሚይዘው ልዩነት የለም። እኔ ስለ ስጋት በቀጥታ አልጠይቅም፤ ባሕር ዛፍ የት እንደተከለ፣ ማሳውን ለማን በእኩል እንደሰጠ እጠይቃለሁ።

ከዋሻው በላይ ባለ አንድ ማሳ ላይ መጠይቁን የያዘው መረጃ ሰብሳቢ ልጅ ባለማሳውን «አባቴ፣ እርከን አለዎት?» አላቸው።

«ያውልህ፣ አይታይህም ልጄ?» አሉት በዱላቸው እያሳዩ።

ይታያል። የላይኛው ረድፍ ሙሉ ነው፤ አናቱ ላይ ሣር በቅሎበታል፣ ሣሩም ለበሬው ይታጨዳል። የሁለተኛው ድንጋይ ተለቅሞ የበጎች ጉረኖ ካብ ሆኗል። ሦስተኛው ታርሶ ጉብታው ብቻ ቀርቷል። የመጨረሻው፣ ፈፋው አፋፍ ላይ ያለው፣ ከሁሉ ይልቅ በጥሩ ተክቧል። ለምን ሲባሉ ሰውየው አላመነቱም። መሀል ላይ በሬ አይዞርም፤ ካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል፤ ስፋቱም መሬት ይበላል። ታችኛውን ግን ዘመቻ አልሠራውም፣ ራሳቸው ናቸው፤ ፈፋው ወደ ላይ እየበላ ሲመጣባቸው። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «1 ነው 0?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ በቅጹ ላይ ያለው ሳጥን አንድ ብቻ ነው።

አሁን ቅጼ ለአባወራ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ረድፍ መስመር አለው፤ ማን ሠራው፣ በምን ክፍያ፣ ዛሬ ምን ላይ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች ይረዝምብናል ብለው ያጉረመርማሉ፤ እውነታቸውን ነው። በአንድ ሰው ረድፎች ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ደግሞ እርስ በርሱ ነጻ ስላልሆነ የግምቱን እርግጠኝነት የሚለካውን ስታንዳርድ ኤረር በአባወራ ማሰባሰብ ያስፈልጋል።

ሌላው ጣጣ ወረዳው ራሱ ነው። ጣርማ በር ላይኛው ገብስ፣ ታችኛው ማሽላና ጤፍ ነው፤ በአንድ ወረዳ ሁለት አገር። ተማሪው ደጋውንና ቆላውን ለየብቻ ያሰላና የተዳፋት ኮፊሸንት በደጋ 0.6፣ በቆላ 0.3 ቢያገኝ «ተዳፋት በደጋው እጥፍ ያህል ይሠራል» ብሎ ይጽፋል። ይህ ከተራው ሪግሬሽን የመጣ ልማድ ነው። ፕሮቢት የማይታየው ነገር ስፋት 1 ነው ብሎ ይነሳል፤ ልንለካው ስለማንችል። ቆላው ላይ ከመጠይቃችን ያመለጠው ነገር፣ የዝናቡ መዋዠቅ ሊሆን ይችላል፣ እጥፍ ሰፊ ከሆነ፣ ተዳፋት በሁለቱም ቦታ እኩል እየሠራ ቆላው ላይ ኮፊሸንቱ በግማሽ ያንሳል። ስለዚህ በሁለቱ ቦታ የሚወዳደረው ዕድል እንጂ ኮፊሸንት አይደለም።

ዕድሉም ቢሆን ገበሬው የቆመበትን ቦታ ይጠይቃል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ሥልጠና ኮፊሸንት 0.5 ነው እንበል። እርከኑን ለማቆየት ግማሽ በግማሽ የሚያመነታውን ሰው ከ50 በመቶ ወደ 69 ያደርሰዋል። ጨርሶ ያልፈለገውን፣ ዕድሉ 2.3 በመቶ የሆነውን፣ ወደ 6.7 ብቻ ያወጣዋል። ቀድሞውንም 97.7 በመቶ የሆነው 99.4 ይደርሳል፤ ያለ ሥልጠናውም ያቆየው ነበር። «አማካይ ማርጂናል ኢፌክት» ብለን አንድ ቁጥር ስንጽፍ ሦስቱን ሰዎች እናቀላቅላለን። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ስጽፍ ማሳዎቹን በዕድላቸው ደርድሬ መሀል ላይ ያሉትን ለይቼ አቀርባለሁ፤ የልማት ሠራተኛዋ እግር ቢደክም እዚያ ይድከም። ዕድላቸው ከ5 በመቶ በታች ለሆኑት ሥልጠና ሳይሆን ሌላ ዓይነት እርከን፣ በሬ የሚዞርበት፣ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ከሠንጠረዡ ግርጌ ደግሞ ጥቂት አንባቢ የሚያየው አንድ ቁጥር አለ፤ ሮ ይባላል። መሥራትንና ማቆየትን የሚገፉት፣ እኛ ያልመዘገብናቸው ምክንያቶች እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና ነው። ከዜሮ በላይ ሲሆን፣ ሳንጽፈው የቀረው አንድ ነገር፣ ትጋትም ይሁን የጉልበት ብርታት፣ ሰውየውን ለሁለቱም አነሣሥቶታል ብዬ እገምታለሁ። ከዜሮ በታች ሲወርድ ግን ወደ ቀበሌው ተመልሼ፣ እርከኑ በተሠራበት ዓመት ስንዴ ይታደል እንደነበር አጠያይቃለሁ።