ዝምተኞቹ አምስት፦ መንፈሳዊ ማኅበርተኝነት በቾሰር «የካንተርበሪ ተረቶች» መቅድም

ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በጻፈው «የካንተርበሪ ተረቶች» መቅድም ውስጥ አምስት ተሳላሚዎች በአንድነት ተስለዋል፤ የጥቃቅን ሸቀጥ ነጋዴ፣ አናጢ፣ ሸማኔ፣ ጨርቅ ነካሪና ስጋጃ ሠሪ። ሙያቸው ቢለያይም የአንድ ታላቅ መንፈሳዊ ማኅበር አባላት ናቸውና ልብሳቸው አንድ ነው። ቢላዋቸው በብር ያጌጠ ነው፤ ሚስቶቻቸውም «እመቤት» መባልንና በበዓል ዋዜማ ከሌሎች ቀድመው መሄድን ይወዳሉ። ይህ ሥዕል ብዙውን ጊዜ የሚነበበው በከተሜ ባለጸጎች ላይ እንደተሰነዘረ ስላቅ ነው። ንባቡ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው።

ጉድለቱ የሚታየው የማኅበራቱን ደንብ ስናስታውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1388 በዳግማዊ ሪቻርድ ዘመን የእንግሊዝ ማኅበራት ስለ አመሠራረታቸው፣ ስለ ደንባቸውና ስለ ንብረታቸው በጽሑፍ እንዲያስረዱ ታዘዙ። እስከ ዛሬ ከቆዩት መልሶች እንደምንረዳው፣ አባል ሲሞት ወንድሞቹ ሻማ አብርተው ይቀብሩታል፤ ያለ ጥፋቱ የደኸየ ሳምንታዊ ድጎማ ያገኛል፤ የተጣሉ አባላት ፍርድ ቤት ከመድረሳቸው በፊት በማኅበሩ ይሸመገላሉ፤ ደንብ የጣሰም ብዙ ጊዜ ሰም ይቀጣል። ልብሱ የዚህ ሁሉ ግዴታ ምልክት ነበር። ቾሰር ምልክቱን አሳይቶ ግዴታውን ትቶታል።

ይሁን እንጂ ግዴታው ከሥራው ጨርሶ አልጠፋም፤ ወደ ተሳላሚዎቹ ጉባኤ ተዛውሯል። ከባላባቱ እስከ ባለወፍጮው በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አለቃና ዳኛ ይሆናል፤ ፍርዱን የተቃወመ የመንገዱን ወጪ ሁሉ ይከፍላል። መዋጮው ተረት ነው። አምስቱ ግን መዋጮ የላቸውም፤ አንዳቸውም ተረት አይናገሩም። ተቋርጦ ቢቀርም ተረት የጀመረው ይዘውት የመጡት ወጥ ሠሪ ነው።

ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1400 ሲሞት ሥራው ስላልተጠናቀቀ ዝምታቸው ታስቦበት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሆኖም ከመነሻው ስምም ሆነ የየራሱ ጠባይ ያልተሰጠው ገጸ ባሕርይ ድምፅ ቢያጣ አያስደንቅም።

እ.ኤ.አ. በ1547 በወጣው ሕግ መንፈሳዊ ማኅበራቱ ሲፈርሱ የሙታን መታሰቢያውና የድኾች ድጎማውም አብረው ቀሩ። ይህን ጉዳት ከመቅድሙ ብቻ የሚነሣ አንባቢ አይገምተውም። ስላቁን ስናስተምር ደንቦቹንም አብረን ማንበብ የሚገባን ስለዚህ ነው።