ፖስተር በኃምስ ይታወቃል

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ዲዛይነር የሠራውን የኮንሰርት ፖስተር ዘርግቶ አሳየኝ። አዘጋጆቹ አድንቀው ወስደውታል። ወርቃማ ፊደል፣ ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር ጠርዝ፣ ከጠርዙ ውጭ ሌላ ነጭ ጠርዝ፣ ከሥሩ ጥላ። ቦታውን ሳነብ “ብሒራዊ ቲአትር” ይላል። ልጁ ፊደል አልሳተም፤ ብሔራዊ ቴአትር ብሎ ነው የጻፈው። የሔንና የቴን ቀለበቶች የዋጣቸው ጠርዙ ነው።

የዘፋኙ ስም ከቀኑ ይጉላ፣ ቀኑ ከስፖንሰሩ ይጉላ፣ ፊት ላይ ጽሑፍ አይረፍ፤ ይህን ለማያውቅ የምለው የለኝም። እኔ ፖስተር ስመዝን ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ኃምስ ላይ ነው። ቤ ከቢ፣ ሌ ከሊ፣ ሴ ከሲ የሚለዩት እግር ሥር ባለች አንዲት ቀለበት ነው። የላቲኑ ኦ መሐሉ ቢደፈን ያው ኦ ነው፤ የእኛ ቤ ቀዳዳዋ ከተደፈነ ሌላ ፊደል ሆነች። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ደግሞ ማጉላት የፈለገ ሁሉ ያወፍራል። ኮምፒውተር ላይ የተጨመረ ጠርዝ ወደ ቀዳዳውም ይገባል፤ ቀዳዳው ግን ድሮም የመርፌ ዓይን ነው። ስለዚህ በፊደል ላይ ጠርዝ አይጨመርም፤ በቃ። ወፍራም የሚፈልግ ሲቀረጽ ጀምሮ ወፍራም የሆነ ፊደል ይምረጥ፤ ካጣ መጠኑን ያሳድግ፣ ዙሪያውን ባዶ ይተውለት። ዲዛይነሩ ዮዜፍ ሙለር-ብሮክማን በ1955 እ.ኤ.አ. ለዙሪክ የኮንሰርት አዳራሽ ለቶንሃለ የሠራውን የቤትሆቨን ፖስተር የሚያደንቁ ተማሪዎች ቅስቶቹን ይቀዳሉ፤ ጽሑፉ ያለ አንዳች ጌጥ ባዶ ቦታ ላይ መቀመጡን አያዩም።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ አቡጀዲ ላይ በብሩሽ ነበር የሚጽፉት። ቋሚውን በጠፍጣፋ ብሩሽ ወደ ታች ስበው ይጨርሱና ቀለበቷን በቀጭን ብሩሽ ለብቻዋ ይመለሱባታል። ከልክ በላይ ያሰፏት ነበር፤ “ዝንብ ካላለፈባት አትነበብም” ይላሉ። ቀርቦ ለሚያያት አታምርም። አንድ ቀን ይህንኑ ደፍሬ ብነግራቸው ብሩሹን ተቀብለው ከመንገዱ ማዶ ላኩኝ። “ከዚያ ሆነህ አንብብልኝ” አሉ። የእሳቸው ጥርት ብሎ ይነበባል፤ እኔ ከጻፍኩት ሁለቱ ኃምሶች ሣልስ ሆነዋል። በአዲስ ጨርቅ ከመጀመሪያው አስጻፉኝ። የጨርቁን ዋጋ እሳቸው ከፈሉ።