ነፃነትና መሰላል፦ የ«ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ» እንቆቅልሾች ሂሳዊ ዳሰሳ

በእንቆቅልሽ ወግ «እንቆቅልህ» ባዩ መልሱን ይዞ ነው የሚነሳው፤ «ምን አውቅልህ» ባዩ ካልደረሰበት አገር ሰጥቶ መልሱን ይቀበላል። በባሌዎቹ ሮቤና ጎባ አካባቢ በኦሮምኛ ሂቦ በሚባለው ጨዋታም መልሱ ያለው በጠያቂው እጅ ነው። እንቆቅልሽንና ፍልሚያን ያጣመሩ የጀብዱ ቪዲዮ ጌሞችም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ሲሄዱ ኖረዋል፤ ሠሪው አንድ ቁልፍ ይደብቃል፣ ተጫዋቹም ያንኑ ቁልፍ ይፈልጋል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ» ይህን ውል አፈረሰ። በሂዴማሮ ፉጂባያሺ ዳይሬክተርነት የተሠራው ይህ ጌም መልሱን ከጠያቂው እጅ አውጥቶ ለተጫዋቹ ብልሃት አስረከበ። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ጌሙ የሚመሰገንበትም የሚወቀስበትም ነገር ከዚሁ ከአንዱ ውሳኔ የሚመነጭ መሆኑ ነው።

ጥንካሬው ገና ከመነሻው ይታያል። ባለታሪኩ ሊንክ ከረጅም እንቅልፉ የሚነቃው ዙሪያው ገደል በሆነ ከፍተኛ አምባ ላይ ነው። ከአምባው ጥግ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ፤ በስስ ልብስ የወጣበትን ተጫዋች ብርዱ ዕድሜውን እየሸረፈ ይጥለዋል። አንዱ ተጫዋች ችቦ ለኩሶ በሙቀቱ ይወጣል። ሌላው የሚያቃጥል ቃሪያ ለቅሞ፣ አብስሎ በልቶ ብርዱን ይቋቋማል። ሦስተኛው በአምባው ለሚኖሩት ሽማግሌ አሠራሩን የረሱትን ምግብ ሠርቶላቸው ብርድ የሚከላከል ልብስ ይሸለማል። እሳት ያሞቃል የሚለው ሕግ በጌሙ ዓለም ሁሉ ስለሚሠራ ሦስቱም ልክ ናቸው። ብረትም በሁሉም ስፍራ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ በር የሚያስከፍት፣ የተቋረጠ የኤሌክትሪክ መስመርን በተዘጋጀለት የብረት ሳጥን ፈንታ ሰይፉንና ጋሻውን አጋድሞ የሚያገናኝ ተጫዋች በሩን ይከፍታል። እንዲህ ያለው ተጫዋች የዓለሙን ሕግ ከሠሪው እኩል አውቋል ማለት ይቻላል።

ድክመቱ የሚጀምረው ከአምባው ከተወረደ በኋላ ነው። ዋና ዋናዎቹ ኃይሎች፣ ማለትም ቦምብ፣ ብረት መሳቢያ፣ የሚንቀሳቀስን ነገር ቀጥ አድርጎ ማቆሚያና ከውሃ ላይ የበረዶ ዓምድ ማስነሻ፣ እዚያው አምባ ላይ ተሰጥተው አልቀዋል። በጌሙ ዓለም ተበትነው የሚገኙት 120 የፈተና መቅደሶች፣ አምባው ላይ ካሉት ከመጀመሪያዎቹ አራት በኋላ፣ ተጫዋቹ ባሻው ቅደም ተከተል የሚገባባቸው በመሆናቸው፣ አንዱ መቅደስ በሌላው ትምህርት ላይ መቆም አይችልም። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ዘአምላኪየን አልፎ፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ሲደርስ ያለፈውን ሁሉ ተሸክሞ ነው። በዚህ ጌም ግን መቶኛው መቅደስ ከአሥረኛው ይበልጥ እንዲከብድ የሚያስገድድ ነገር የለም። ግድግዳው አንድ ዓይነት፣ ሽልማቱም አንድ ዓይነት ነው፤ በርካታዎቹ ደግሞ ተመሳሳይ ማሽን ከመዋጋት ሌላ የሚጠይቁት የላቸውም። ብልሃት ይፈተናል እንጂ አይጎለምስም።

ነፃነትና መሰላል፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ትምህርት፣ አብረው አይሄዱም፣ ስለዚህም ሠሪዎቹ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ተከታዩ «ቲርስ ኦቭ ዘ ኪንግደም» የመቅደሶቹን ቁጥር 152 ሲያደርስ፣ ዕቃ ገጣጥሞ የመሥራት ነፃነትን ሲጨምርና ይህ ችግር ሳይወገድ ሲቀር፣ ተቃውሞው የጸና ይመስላል። ነገር ግን ማስተባበያው ራሱ ጌሙ ውስጥ አለ። የመነሻው አምባ ከሁሉ ክፍል ልቆ የሚታየው ነፃነትና ሥርዓት ስለተገናኙበት ነው፤ ተጫዋቹ የአምባውን አራት መቅደሶች በፈለገው ቅደም ተከተል ይፈታል፣ በአየር ላይ የሚያንሳፍፈውን ጨርቅ ሳያገኝ ግን ገደሉን መውረድ አይችልም። ሥርዓቱን ያስከበረው መልክዓ ምድሩ ነው።

ይህን ለማስተዋል የባሌ ተራሮች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሰነቲ የሚወጣ መንገደኛ የጥድና የኮሶውን ጫካ፣ ከዚያም አስታውን አልፎ ነው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጅብራ የቆመበት ሜዳ ላይ የሚደርሰው። ወደ ደቡብ ሲወርድ ደግሞ የሐረና ደን ከነጫካ ቡናው ይቀበለዋል። የትም ዘወር ማለት ይችላል፤ ከፍታው ግን አንዱን ከሌላው ያስቀድማል። ይህ ለአገራችን ጌም ሠሪዎችም ትምህርት ነው። የአዲስ አበባው የጌም ኩባንያ ቅኔ ጌምስ ዶሮ በምትሮጥበት «ኩኩሉ» የአገር ውስጥ ጌም መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ወደ እንቆቅልሽ ጀብዱ የሚሻገር ኢትዮጵያዊ ሠሪ ከኒንቴንዶ ሥራ የብዙ መልስን ድፍረት ሊወስድ ይገባዋል። መሰላሉን ግን እንደ ሰነቲ መንገድ ያለ ምድር ይሰጠዋል፤ እዚያ ላይ የጫካው ትምህርት ሜዳው ላይ፣ የሜዳውም ሐረና ውስጥ ተመልሶ ይጠየቃል።