«ጥቁር ሕመምተኛ» የሚለው መደብና የመርካቶው ደም ግፊት

በርካታ የውጭ መመሪያዎች ለደም ግፊት ሕክምና «ለጥቁር ሕመምተኛ» ታያዛይድን ወይም አምሎዲፒንን ሲያስቀድሙ ኖረዋል። ከዋነኛ መሠረቶቻቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው የሰሜን አሜሪካው ኦልሃት ጥናት ነው። ሊሲኖፕሪል በጥቁር ተሳታፊዎች ላይ ግፊትን በመቀነስና ስትሮክን በመከላከል ከክሎርታሊዶን ማነሱን ያሳየ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም «ጥቁር» የሚለው ቃል መልክን እንጂ ዘረመልን አይለካም። ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሕዝብ የሚገበያይበት የአዲስ ከተማው መርካቶም በአንድ ቃል አይጠቃለልም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ምስክር ነው። ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው የተባዛ የሲዋይፒ2ዲ6 ዘረመል ነበራቸው፤ የተቀሩት ያገር ልጆች ግን አልነበራቸውም። ይህ ኢንዛይም ሜቶፕሮሎልን ስለሚሰባብር፣ ዘረመሉ የተባዛለት ሰው በተለመደው መጠን ሲታከም መድኃኒቱ ቶሎ ሊወገድበት ይችላል። አቴኖሎል ግን በአብዛኛው በኩላሊት ስለሚወጣ በዚህ ልዩነት እምብዛም አይነካም።

ይህ ማለት ግን ግፊት ባልወረደ ቁጥር በዘረመል ማሳበብ ይገባል ማለት አይደለም። ሻል ሲለው ወይም ገንዘብ ሲያጥረው መድኃኒቱን ያቋረጠ የቀን ሠራተኛ ችግሩ ከኢንዛይሙ አይደለም። በአንጻሩ የስኳር ሕመም ኖሮበት ፕሮቲን በሽንቱ ለሚወጣ ሰው «ጥቁር ነው» በሚል ኢናላፕሪልን መንፈግ ኩላሊቱን ያለ ጠባቂ መተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያም ይህን የመድኃኒት ክፍል ከታያዛይድና ከአምሎዲፒን መሰሎቹ ጋር ለመነሻ ሕክምና አጽድቆታል።

ስለዚህ ባለሙያው ከቀለም አስቀድሞ መድኃኒቱ በትክክል መወሰዱን፣ መጠኑንና የኩላሊቱን ሁኔታ ይመርምር፤ ግፊቱንም ደግሞ ይለካ።